ህንድና የውቅያኖስ ጎረቤቶቿ፦ ስለ ደህንነት ፖሊሲዋ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ስለ ማልዲቭስ፣ ስለ ስሪላንካ፣ ስለ ሞሪሺየስና ስለ ሲሸልስ ዜና በተሰማ ቁጥር የሚነሱ ጥያቄዎች ናቸው፤ ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

የምናወራው ስለ የትኞቹ ደሴቶች ነው?

በዋናነት ስለ አራት አገሮች ነው። ስሪላንካ ከሁሉም ትልቋም ቅርቧም ናት። ከህንዷ ታሚል ናዱ ግዛት ጫፍ እስከ ስሪላንካ ዳርቻ፣ ባሕሩ በጠበበበት ቦታ፣ ርቀቱ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ማልዲቭስ 1,200 ገደማ የሚሆኑ ጥቃቅን ደሴቶች ያሏት አገር ስትሆን ሕዝቧ በግማሽ ሚሊዮን አካባቢ ይገመታል። ሞሪሺየስና ሲሸልስ ራቅ ብለው ወደ አፍሪካ ይጠጋሉ፤ የአፍሪካ ኅብረት አባላትም ናቸው።

ቅርበቱ የካርታ ብቻ አይደለም። ሚኒኮይ በምትባለው የህንድ ደሴት የሚነገረውና የማልዲቭስ ሰዎች የሚናገሩት ቋንቋ አንድ ነው ማለት ይቻላል። የሰሜን ስሪላንካ ታሚሎች ከባሕሩ ማዶ ካሉት ታሚሎች ጋር በቋንቋም በእምነትም ይገናኛሉ። ከሞሪሺየስ ሕዝብ ሁለት ሦስተኛው ገደማ ደግሞ የዘር ሐረጉ ከህንድ ይመዘዛል፤ አያት ቅድመ አያቶቻቸውን እንግሊዞች ከ1834 ጀምሮ ለሸንኮራ አገዳ እርሻ በኮንትራት ያመጧቸው ናቸው።

ይህን የሚያህል አገር ስለ ትንንሽ ደሴቶች ለምን ይጨነቃል?

ከህንድ የውጭ ንግድ፣ በመጠን ሲለካ፣ 95 በመቶ ያህሉ የሚጓጓዘው በባሕር ነው። ከምትጠቀመው ድፍድፍ ነዳጅም ከአምስት እጁ አራቱን እጅ በላይ ከውጭ ታስገባለች። ከባሕረ ሰላጤው አገሮች ወደ ቻይናና ጃፓን የሚሄዱት ነዳጅ ጫኝ መርከቦች በማልዲቭስ አካባቢ ያሉትን መተላለፊያዎች አቋርጠው ወይም የስሪላንካን ደቡብ ጫፍ ታክከው ያልፋሉ። ስለዚህ በእነዚህ ደሴቶች ላይ ራዳር የሚተክለው ማን ነው፣ ወደባቸው ገብቶ ነዳጅ የሚሞላው የማን የጦር መርከብ ነው የሚለው ጥያቄ ለኒው ዴልሂ የደጃፏ ጥያቄ ነው።

ሆኖም ለረጅም ጊዜ የህንድ ዓይን ወደ ሰሜን ነበር። በ1962 ከቻይና ጋር በሂማላያ ተራሮች ተዋግታ ተሸንፋለች፤ ከፓኪስታን ጋርም ደጋግማ ተዋግታለች። በጀቱም ጭንቀቱም ለምድር ጦሩ ሲሄድ የባሕር ኃይሉ ለአስርት ዓመታት የእንጀራ ልጅ ሆኖ ኖሯል።

ህንድ በእነዚህ ደሴቶች ላይ ጦር አዝምታ ታውቃለች?

አዎ፣ በተከታታይ ዓመታት ሁለት ጊዜ። የሁለቱ ውጤት ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል።

ጁላይ 29 ቀን 1987 የህንዱ ጠቅላይ ሚኒስትር ራጂቭ ጋንዲና የስሪላንካው ፕሬዚዳንት ጁኒየስ ጃየዋርዴኔ ኮሎምቦ ላይ ስምምነት ተፈራረሙ። የህንድ ሰላም አስከባሪ ኃይልም የታሚል ታጣቂዎችን ትጥቅ ሊያስፈታ ወደ ደሴቲቱ ሰሜንና ምሥራቅ ገባ። በማግስቱ ራጂቭ የክብር ዘቡን ሲጎበኙ ከተሰለፉት የስሪላንካ ባሕረኞች አንዱ በጠመንጃው ሰደፍ መታቸው። ነገሩ ከዚያ ወዲያም አላማረም። ሰላም ሊያስከብር የሄደው ጦር በወራት ውስጥ ለታሚሎች የተለየ አገር ይዋጋ ከነበረው ታጣቂ ቡድን፣ ከታሚል ታይገርስ ጋር ጦርነት ገጠመ። ማርች 1990 ላይ ሲወጣ ከ1,100 በላይ ወታደሮቹን አጥቶ ነበር፤ ከደሴቲቱ ታሚሎችም ከብዙኃኑ ሲንሃላዎችም ያተረፈው ጥላቻ ነው። በ1991 ራጂቭ ጋንዲ በታሚል ናዱ የምርጫ ቅስቀሳ ላይ ሳሉ በታይገርስ አጥፍቶ ጠፊ ተገደሉ።

ማልዲቭስ ላይ የሆነው ሌላ ነው። ኖቬምበር 3 ቀን 1988 በአንድ የማልዲቭስ ነጋዴ የተቀጠሩ የስሪላንካ ታሚል ታጣቂዎች ዋና ከተማዋን ማሌን ወረሩ። ፕሬዚዳንት ማሙን አብዱል ጋዩም ተደብቀው የድረሱልኝ ጥሪ አሰሙ። በዚያው ዕለት ከአግራ የተነሡ የህንድ አየር ወለዶች ከ2,000 ኪሎ ሜትር በላይ በረው ከማሌ አጠገብ ባለችው የአውሮፕላን ማረፊያ ደሴት አረፉ። ጋዩም ተረፉ፤ ታጋቾችን ይዘው በመርከብ የሸሹትንም የህንድ ባሕር ኃይል ባሕር ላይ ያዛቸው። የሁለቱ ዘመቻዎች ልዩነት ጉልህ ነው፦ በአንዱ ተጠርተው መጥተው ሥራቸውን ጨርሰው ሄዱ፣ በሌላው ሰንብተው ተጠሉ። ኒው ዴልሂ ለብዙ ዓመታት ስታወሳ የኖረችው 1988ን ሲሆን ብዙ ስሪላንካውያን የሚያስታውሱት 1987ን ነው። የዛሬውን ጥርጣሬ ያለዚህ መረዳት አይቻልም።

ከዚያ ወዲህ ትኩረቷ ወዴት ዞረ?

መጀመሪያ ወደ ኋላ አፈገፈገች። ከስሪላንካው ቁስል በኋላ በ1990ዎቹ በጎረቤት ደሴት ላይ ጦር ስለማስፈር ማንሳት የሚፈልግ የህንድ መሪ አልነበረም። ዲሴምበር 26 ቀን 2004 ሱናሚ ሲመታ ታሚል ናዱና የአንዳማን ደሴቶች ራሳቸው በሐዘን ላይ ነበሩ፤ ቢሆንም የህንድ መርከቦችና ሄሊኮፕተሮች ወዲያው ስሪላንካና ማልዲቭስ ደረሱ። የባሕር ኃይሉ ራሱን «ቀድሞ ደራሽ» ብሎ መጥራት የለመደው በዚህ መንገድ ነው።

ሁለተኛው መታጠፊያ ኖቬምበር 26 ቀን 2008 መጣ። አሥር ታጣቂዎች ከካራቺ በባሕር ተነሥተው፣ መንገድ ላይ አንድ የህንድ ዓሣ አጥማጅ ጀልባ ነጥቀው ሙምባይ ገቡና 166 ሰዎችን ገደሉ። በተከፈተ የባሕር በር ምን ሊገባ እንደሚችል ህንድ በገዛ ከተማዋ አየች። ከዚያ በኋላ የራዳር ጣቢያዎች በራሷ ዳርቻ ብቻ ሳይሆን በሞሪሺየስ፣ በሲሸልስ፣ በስሪላንካና በማልዲቭስም መተከል ጀመሩ። በ2011 ከስሪላንካና ከማልዲቭስ ጋር የተጀመረው የሦስትዮሽ የደህንነት ምክክር በመካከል ቢዳከምም በ2020 እንደገና ነፍስ ዘርቶ «የኮሎምቦ የደህንነት ጉባኤ» ተባለ፤ ሞሪሺየስና ባንግላዴሽም ተጨመሩበት። በዲሴምበር 2018 ደግሞ የመርከቦችን እንቅስቃሴ መረጃ ከብዙ አገሮች የሚሰበስብ ማዕከል ዴልሂ አጠገብ ባለችው ጉሩግራም ተከፈተ።

«ሳጋር» የሚሉት ፖሊሲ ምንድን ነው?

ሳጋር በሂንዲ ባሕር ማለት ነው፤ «በቀጣናው ለሁሉም ደህንነትና ዕድገት» የሚለው የእንግሊዝኛ ሐረግ ምህጻረ ቃልም ነው። ጠቅላይ ሚኒስትር ናሬንድራ ሞዲ በማርች 2015 ሞሪሺየስ ላይ አስተዋወቁት፤ ልክ ከአሥር ዓመት በኋላም እዚያው ሞሪሺየስ ላይ «ማሃሳጋር» በሚል አስፍተው አወጁት። ቁም ነገሩ ጥምረቱ ላይ ነው፦ ጥበቃና ልማት አብረው ይመጣሉ፣ የጥበቃ ጀልባ የሰጠ አገር ሆስፒታልም ብድርም ይሰጣል።

ቻይናስ እዚህ ውስጥ የገባችው እንዴት ነው?

በወደብና በብድር በኩል ገባች፤ መርከቦቿ ተከተሉ። በ2014 አንድ የቻይና ሰርጓጅ መርከብ ኮሎምቦ ወደብ ገብቶ ዴልሂን አስደነገጠ። በ2017 ደግሞ በደቡብ ስሪላንካ የሚገኘው የሐምባንቶታ ወደብ ለ99 ዓመት ለአንድ የቻይና መንግሥት ኩባንያ በሊዝ ተሰጠ። ስለዚህ ወደብ አንድ ስህተት በተደጋጋሚ ይነገራል፦ ስሪላንካ ዕዳዋን መክፈል አቅቷት ቻይና ወደቡን ወረሰችው ይባላል። ከሊዙ የተገኘው 1.12 ቢሊዮን ዶላር ግን የወደቡን ዕዳ አልሰረዘም፤ ብድሩ እንዳለ ቀርቶ ገንዘቡ የተሟጠጠውን የውጭ ምንዛሪ ክምችት ደገፈ። የኮሎምቦ ትልቁ የውጭ ዕዳ ለቻይና ሳይሆን የመንግሥት ቦንድ ለገዙ የውጭ ባለሀብቶች ነበር።

በ2022 ስሪላንካ ዕዳዋን መክፈል አቁማ ሕዝቡ ለነዳጅ ቀናት ሲሰለፍ፣ ህንድ በብድርና በምንዛሪ ልውውጥ ወደ 4 ቢሊዮን ዶላር የሚደርስ ድጋፍ ሰጠች። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ያሰኛት ነበር። ሆኖም በዚያው ዓመት ኦገስት «ዩዋን ዋንግ 5» የተባለችው ሮኬትና ሳተላይት የምትከታተል የቻይና መርከብ፣ ህንድ እየተቃወመች፣ ሐምባንቶታ ላይ መልሕቋን ጣለች። እርዳታ ወዳጅነትን ይገዛል፣ ውሳኔን ግን ሁልጊዜ አይገዛም።

ከሁሉ የሚገርመኝ ቀጥሎ የመጣው ነው። በ2024 የተመረጡት ፕሬዚዳንት አኑራ ኩማራ ዲሳናያኬ የሚመሩት ፓርቲ በ1987 የህንድን ጦር መግባት በመቃወም መሣሪያ ያነሣ፣ ካድሬዎቹን «ስለ ህንድ መስፋፋት» ያስተምር የነበረ ነው። እኚሁ ሰው በዲሴምበር 2024 ዴልሂ ሄደው የስሪላንካ መሬት ለህንድ ደህንነት አደጋ በሚሆን መንገድ እንዲያገለግል እንደማይፈቅዱ ቃል ገቡ፤ በኤፕሪል 2025ም መንግሥታቸው ከህንድ ጋር የመከላከያ ትብብር ሰነድ ፈረመ።

ማልዲቭስ የህንድን ወታደሮች ለምን አስወጣች? ጠቡስ እንዴት በረደ?

ወታደሮቹ 80 ያህል ብቻ ነበሩ። ሥራቸው ህንድ ለማልዲቭስ የሰጠቻቸውን ሁለት ሄሊኮፕተሮችና አንድ አነስተኛ አውሮፕላን ማብረርና መጠገን ሲሆን፣ አብዛኛው በረራም በሩቅ ደሴቶች የታመሙ ሰዎችን ወደ ሆስፒታል ማድረስ ነበር። ታዲያ 80 ሰው ምን ያስቆጣል? ያስቆጣው ቁጥሩ ሳይሆን ምስጢሩ ይመስለኛል። በ2021 ማሌ አቅራቢያ ለባሕር ጠረፍ ጥበቃ የሚሆን ወደብ በህንድ እገዛ እንዲሠራ ሲፈረም የስምምነቱ ዝርዝር ለሕዝብ አልወጣም። ለአንድ ትንሽ ሕዝብ ከትልቅ ጎረቤት ጋር የተደረገ ድብቅ ውል ማለት በጨለማ የሚሰማ ኮቴ ነው፤ ማንም ይነሣበታል። ተቃዋሚዎች «ህንድ ይውጣ» የሚለውን ዘመቻ ያራገቡት በዚህ ላይ ነው። የማሌ ከንቲባ የነበሩት ሞሐመድ ሙይዙም ይህንኑ ይዘው ሴፕቴምበር 2023 ላይ ለህንድ ቅርብ የነበሩትን ፕሬዚዳንት ኢብራሂም ሶሊህን አሸነፉ።

ጃንዋሪ 2024 ላይ ነገሩ ከረረ። ሦስት የማልዲቭስ ምክትል ሚኒስትሮች በማኅበራዊ ሚዲያ ሞዲን ሰድበው ታገዱ፤ ህንዳውያን ተጓዦችም አኩርፈው ቀሩ። በ2023 ከ200,000 በላይ ህንዳውያን ማልዲቭስን ጎብኝተው ነበር፤ በ2024 ቁጥሩ ወደ 130,000 ወረደ። ሙይዙ በዚሁ ወር ቤጂንግ ሄደው ስምምነቶች ተፈራረሙ። የህንድ ወታደሮችም በየተራ እየወጡ ሜይ 10 ቀን 2024 ተጠናቀቁ።

እዚህ ላይ ህንድ ያደረገችው ነገር ከ1987 ምን ያህል እንደተማረች ያሳያል። አልተሟገተችም፣ አልዛተችም። ወታደሮቹን በሲቪል ባለሙያዎች ተካች፤ አውሮፕላኖቹ እዚያው ቀሩ፣ በሽተኞችም መመላለሳቸው ቀጠለ። የማልዲቭስ የውጭ ምንዛሪ ተመናምኖ ዕዳ መክፈያዋ ሲቃረብ ደግሞ፣ በኦክቶበር 2024፣ ለሙይዙ 400 ሚሊዮን ዶላርና ተጨማሪ 30 ቢሊዮን የህንድ ሩፒ የምንዛሪ ልውውጥ ፈቀደች። ጁላይ 26 ቀን 2025 ማልዲቭስ 60ኛ የነጻነት በዓሏን ስታከብር የክብር እንግዳው ናሬንድራ ሞዲ ነበሩ፤ ጋባዡም ሙይዙ።

አጋሌጋ ላይ የተሠራው የጦር ሰፈር ነው?

የሞሪሺየስ መንግሥት አይደለም ይላል። አጋሌጋ ከዋናው የሞሪሺየስ ደሴት በስተሰሜን 1,100 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ የምትገኝ፣ 300 ያህል ነዋሪዎች ያሏት ስፍራ ናት። ህንድ እዚያ 3 ኪሎ ሜትር የሚረዝም የአውሮፕላን ማኮብኮቢያና የመርከብ ማቆሚያ ሠርታ ፌብሩዋሪ 29 ቀን 2024 ተመርቋል። ሦስት መቶ ሰው ለማመላለስ ይህን የሚያህል ማኮብኮቢያ አያስፈልግም፤ በርዝመቱ ባሕር የሚቃኙ ትልልቅ የጦር አውሮፕላኖች ሊያርፉበት ይችላሉ። ባንዲራ ባይሰቀልበትም ጥቅሙ ከሞላ ጎደል ያው ነው ብለው የሚከራከሩትን ልሞግታቸው አልችልም። ለነዋሪዎቹ ግን የአስቸኳይ ሕክምና በረራ ማለት ነው፣ ይህም ቀላል ነገር አይደለም።

ሲሸልስ ግን እምቢ ብላለች። አሰምፕሽን በምትባለው ደሴቷ ላይ ተመሳሳይ ግንባታ ለማካሄድ በ2015 የተፈረመው ስምምነት በጃንዋሪ 2018 ተሻሽሎ እንደገና ቢፈረምም ምክር ቤቱ አላጸደቀውም። ሰዎች አደባባይ ወጥተው ተቃወሙ፤ ከምክንያቶቻቸው አንዱ ደሴቲቱ ከ100,000 በላይ ግዙፍ ዔሊዎች ለሚኖሩባት ለአልዳብራ ቅርብ መሆኗ ነበር።

ደሴቶቹ ራሳቸው «ደህንነት» ሲሉ ምን ማለታቸው ነው?

ብዙ ጊዜ ይህ ጥያቄ ሳይጠየቅ ያልፋል፤ ቀድሞ መነሣት የነበረበት እሱ ነው። የማልዲቭስ መሬት 80 በመቶ ያህሉ ከባሕር ወለል በላይ ከአንድ ሜትር አይዘልም። በኦክቶበር 2009 ፕሬዚዳንት ሞሐመድ ናሺድ ሚኒስትሮቻቸውን የጠላቂ ልብስ አልብሰው ባሕር ውስጥ የካቢኔ ስብሰባ ያደረጉት ዓለም ይህን እንዲያይ ነው። በዲሴምበር 2014 የማሌ የባሕር ውሃ ማጣሪያ ጣቢያ ተቃጥሎ ከ100,000 በላይ ሰው የሚጠጣው ሲያጣ ህንድ በአውሮፕላንና በመርከብ ውሃ ላከች። ለማሌ እናት የዚያን ሳምንት የደህንነት ጉዳይ ሰርጓጅ መርከብ አልነበረም፣ ጀሪካኗ ነበር።

በኖቬምበር 2025 መጨረሻ ዲትዋ የተባለው አውሎ ነፋስ ስሪላንካን ሲያጥለቀልቅም የህንድ የባሕር ኃይል መርከቦችና ሄሊኮፕተሮች ፈጥነው ደርሰዋል። ህንድ ይህን የምታደርገው ለጥቅሟም ነው። ያም ሆኖ በጎርፍ ጣራ ላይ ላለ ሰው የሄሊኮፕተሩ ገመድ ያው ገመድ ነው።

ለኢትዮጵያ ምን ያገናኛታል?

ጭነቷ ያገናኛታል። ከኢትዮጵያ ገቢና ወጪ ንግድ አብዛኛው የሚያልፈው በጅቡቲ ነው፤ ከህንድ የሚገዛው መድኃኒትም በዚሁ ባሕር ይመጣል። ቻይና የመጀመሪያውን የውጭ አገር የጦር ሰፈሯን በ2017 የከፈተችው እዚያው ጅቡቲ ውስጥ ነው፤ ህንድም ወደ ምዕራቡ የውቅያኖስ ክፍል አብዝታ እንድትመለከት ካደረጓት ነገሮች አንዱ ይህ ነው። የህንድ የጦር መርከቦች ከ2008 ጀምሮ በኤደን ባሕረ ሰላጤ መርከቦችን ከባሕር ላይ ወንበዴዎች ይጠብቃሉ። በማርች 2024 «ሩየን» የተባለችውን የተጠለፈች የጭነት መርከብ ከ40 ሰዓት ዘመቻ በኋላ አስለቅቀው 17 መርከበኞችን ነጻ አወጡ፣ 35 ሶማሊያውያን ወንበዴዎችንም ይዘው ሙምባይ ወሰዱ። ወንበዴ ሲበረታ የመርከብ መድን ይንራል፣ የመድኑ ዋጋ ደግሞ መጨረሻ የሚያርፈው መርካቶ ያለው ሸቀጥ ላይ ነው።

ይህ ሁሉ ትብብር እያለ በህንድና በስሪላንካ መካከል የዓሣ አጥማጆች ጠብ ለምን አይፈታም?

ከሁሉም ከባዱ ጥያቄ ይህ ነው፤ ምክንያቱም እዚህ ቻይና የለችም፣ ሁለቱም ወገን ድሀ ነው፣ ሁለቱም ታሚል ነው። በስሪላንካ የእርስ በርስ ጦርነት ዘመን የሰሜኑ ዓሣ አጥማጆች ወደ ባሕር እንዳይወጡ ተከልክለው ነበር። በዚያ ጊዜ የታሚል ናዱ ትልልቅ ጀልባዎች ድንበር ተሻግረው ማጥመድ ለመዱ። ጦርነቱ በ2009 አብቅቶ የሰሜኖቹ ሲመለሱ የገጠማቸው የባሕሩን ወለል እየጠረገ የሚጎተት መረብ ነበር። እሱ ያለፈበት ቦታ ጫጩት ዓሣ አይተርፍም፤ የእነሱንም ቀጭን መረብ ይዞት ይሄዳል። ስሪላንካ ይህን ዓይነቱን አጠማመድ በ2017 በሕግ ከለከለች። እስሩ ግን አልቆመም፤ በመቶዎች የሚቆጠሩ ህንዳውያን የሚያዙባቸው ዓመታት አሉ፣ ጀልባዎቻቸውም ይወረሳሉ። ህንድ አጥማጆቿን ወደ ጥልቁ ባሕር ለማዞር ድጎማ ብታቀርብም በዕዳ ጀልባ የገዛ ሰው በቀላሉ ሥራውን አይቀይርም።

በሁለቱ አገሮች መካከል ያለችው የካቻቲቩ ደሴት ደግሞ ለፖለቲከኛ የተመቸች ናት። ህንድ በ1974 በተፈረመ የድንበር ስምምነት የስሪላንካ መሆኗን ተቀብላለች፤ ስፋቷ ከአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር እምብዛም አይበልጥም፣ ቋሚ ነዋሪም የላትም። በ2024 የህንድ ምርጫ ሞዲ ራሳቸው «ለምን ተሰጠች» እያሉ አንሥተዋታል። በዚህች ደሴት ላይ የቅዱስ አንጦንዮስ ቤተ ክርስቲያን አለ። በዓሉ በየዓመቱ በጾመ አርባው ወቅት ሲከበር ከሁለቱም ዳርቻ ዓሣ አጥማጆች በጀልባ ይመጣሉ፤ ባሕር ላይ መረብ የሚቀዳደዱት ሰዎች እዚያ አንድ ላይ በታሚልኛ ይጸልያሉ።